ሱቁን የሚበላው ማን ነው?



የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን በሻይ ቤት፣ በምግብ ቤትና በሱቅ ሥራ ራሳቸውን ሲያስተዳድሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ያወጣው ጥናት በአካባቢው ከ2,000 በላይ የንግድ ቤቶች መኖራቸውን ገልጿል። ይሁን እንጂ የሚዘጋውም ሱቅ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ገበያው ሞተ» ይባላል። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽን ከተቀነሰ ወዲህ ገዢው እጅ አጥሮታል። ነገር ግን በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበያ ውስጥ አንዱ ሱቅ ቆሞ ጎረቤቱ ሲዘጋ ጥፋቱን ሁሉ በገበያው ላይ መጣል አይቻልም። ባለሱቁ ራሱ ሳይታወቀው የለመደው ነገር አለ።

ይህን የምንጽፈው የሰው ጥፋት ለማውጣት አይደለም። እኛ ሦስት መምህራን ከኢንሴንቲቫችን እያጠራቀምን አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፍተን ነበር። ዓመት ሳይሞላት ተዘጋች። ቀን ለተማሪዎች መደመርና መቀነስ እናስተምራለን፤ ማታ የሱቃችንን ሒሳብ በጭንቅላታችን ይዘን እንተኛለን።

ትልቁ ችግራችን የሱቁም የቤቱም ገንዘብ በአንድ ኪስ መኖሩ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው በአንድ የኤም-ፔሳ መስመር የሽያጩንም፣ ዘመድ የላከለትንም፣ የአስቤዛውንም ገንዘብ ያስገባል፤ ያው አንድ ኪስ ነው። ይህ እንዴት እንደሚጎዳ በስኳር እንመልከተው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ በ6,500 ሽልንግ ገዛን እንበል። ኪሎውን በ150 ብንሸጠው 7,500 እናገኛለን፤ ትርፉ 1,000 ሽልንግ ነው። አሁን ከዚሁ ጆንያ 4 ኪሎ ለቤታችን ሻይ ወሰድን፤ 3 ኪሎ ደግሞ በዱቤ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። የተሸጠው 43 ኪሎ፣ የተገኘው 6,450 ሽልንግ ነው። ተመሳሳይ ጆንያ ለመግዛት 50 ሽልንግ ጎደለን ማለት ነው። የመጓጓዣውንና የቤት ኪራዩን ገና አልቆጠርንም። ሰባት ኪሎ የሃምሳውን ኪሎ ትርፍ በልቶ ከመነሻውም ቆነጠረ። የሚገርመው፣ ባለሱቁ መክሰሩን አያውቅም፤ ኪሱ ውስጥ ብር አለዋ!

ስለዚህ ባለቤቱም እንደ ማንኛውም ገዢ ይጻፍበት። ለቤቱ አንድ ኪሎ ሲወስድ ዋጋውን ወደ ሱቁ ሣጥን ያስገባ፤ ወይም ለራሱ የወር ደመወዝ ቆርጦ ከዚያ ላይ ይቀንስ።

የዱቤው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ዱቤ መስጠት መጥፎ ነው አንልም፤ በካምፕ ውስጥ ያለ ዱቤ ደንበኛ ማቆየት አስቸጋሪ ነው። እኛን የጎዳን ይሉኝታ ነው። እናታችንን የሚያህሉ ጎረቤት «ልጆቼ፣ ራሽን ሲመጣ እከፍላለሁ» ሲሉን ፊታቸው ላይ ደብተር ማውጣት አሳፈረን። ከወር በኋላ እሳቸው «ሁለት ኪሎ ነው» አሉ፤ እኛ ሦስት ነው አልን። የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ገንዘቡም ቀረ፣ ሰላምታውም ቀዘቀዘ። በወሰዱበት ቀን በፊታቸው ጽፈን አንብበንላቸው ቢሆን ኖሮ ማንም ማንንም አይቀየምም ነበር። እንዲያውም ደብተር የሚያወጣ ባለሱቅ ንፉግ ነው የሚለው ሐሜት ከየት እንደመጣ አናውቅም።

ቁልፍን ለማንም አለማመንም ሌላው ልማድ ነው። የእኛ ቁልፍ ያለው ከአንዳችን ዘንድ ብቻ ነበር። እሱ ራሽን ሊቀበል ሲሰለፍ፣ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ኪታሌ ለመሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሲያመላልሰው፣ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ለልጆቿ ሻይ ስኳር ፈልጋ ሁለት ጊዜ በር ተዘግቶ ያገኘች እናት ሦስተኛ ጊዜ አትመጣም። ዕቃው ተቆጥሮና ተጽፎ ካደረ ለወንድምም ሆነ ለሚስት አስረክቦ መሄድ አያስፈራም፤ አለማመኑም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ምን እንዳለን ካለማወቃችን ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ግን ሐቁን መደበቅ ይሆንብናል። ይኸውም «ነገ እሄዳለሁ» የሚለው ነው። ከሦስታችን አንዱ የሪሴትልመንት ጉዳይ ነበረው። ሚዛን እንግዛ ስንል «ለስንት ቀን ብለን?» ይለናል። የሚያፈሰው ጣራ ሳይጠገን ዝናብ ገብቶ ሁለት ከረጢት ዱቄት አበላሸ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኞችን የመቀበል ፕሮግራሟን ስታቆም ጉዞው ተሰረዘ፤ ያን ጊዜ ሱቋ ከተዘጋች ቆይታለች። ተስፋ መቁረጥ ይገባል ማለታችን አይደለም። ቢሄድም ኖሮ፣ ሚዛኑን ለሚረከበው ሰው ሸጦት ይሄድ ነበር።

አሁን ሁለታችን እንደገና ጀምረናል። መደብዋ ከፊተኛዋ ታንሳለች፤ ቁልፉ ግን ሁለት ነው። አንድ የ96 ገጽ ደብተር በሦስት ዓምድ አስምረናል፤ የገባ፣ የወጣ፣ በሰው እጅ ያለ። በየማታው ከመዝጋታችን በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል። መጻፍ የማይችሉ ባለሱቆች ልጆቻቸውን ይዘው ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢመጡ ደብተሩን እናሰምርላቸዋለን፤ ልጁም አጻጻፉን ይማራል። ደብተርና እስክሪብቶ ግን ይዛችሁ ኑ።