ጣፊያና ቆሽት፦ የሁለት ቃላት ድንበር

በዳባትና በደባርቅ በግ ሲታረድ ጉበቱ፣ ሐሞቱ፣ ጨጓራውና ጣፊያው በየስማቸው ይለያሉ፤ ለሰው አካል የምንጠቀምባቸውም ስሞች እነዚሁ ናቸው። «ጉበት» አያከራክርም፤ በቀኝ ጎድን ሥር የሚገኝ፣ በአዋቂ ሰው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን አካል ነው። «ሐሞት» ግን ፈሳሹንም ማኅደሩንም ስለሚጠራ፣ ማኅደሩን «የሐሞት ከረጢት» ማለት ይበቃል።

ብርቱው ችግር ያለው በጣፊያ ላይ ነው። ስለ ስኳር በሽታ በሚጻፉ ጽሑፎች ኢንሱሊን አመንጪው አካል አንድ ጊዜ «ጣፊያ»፣ ሌላ ጊዜ «ቆሽት» ይባላል። ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ተጋድሞ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ ቀጭኑ አንጀት መጀመሪያ ያፈሳል፤ ኢንሱሊንንም ወደ ደም ይልካል። ጣፊያ ግን በግራ ጎድን ሥር ሆኖ ደምን ያጣራል እንጂ በምግብ መፈጨት ድርሻ የለውም። ከስሜን ግርጌ ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ካላዛር ይዞት ሲመለስ ከሁሉ ይልቅ የሚያብጠው ይኸው ነው። «ጣፊያህ አብጧል» የተባለ በሽተኛ ስኳር ያዘኝ ብሎ ቢረዳ ጥፋቱ የስያሜው ነው።

ስለዚህ «ጣፊያ» ለደም አጣሪው፣ «ቆሽት» ለኢንሱሊን አመንጪው ብቻ ይወሰን። «ቆሽቴ አረረ» የሚል ሰው የትኛው አካሉ እንደሆነ ስለማይጠየቅ፣ ውሳኔው ፈሊጡን አይነካውም።