በአንድ ልዩ ቁልፍ ቃል አንድ ድረ ገጽ ቀዳሚ ሆኖ የሚዘልቀው ለምንድን ነው?

አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ የመንግሥት ሠራተኞችን የዲሲፕሊን ድንጋጌ ለመመልከት ፈልጎ «አዋጅ ቁጥር 515/1999» የሚለውን ሐረግ በኢንተርኔት መፈለጊያ ላይ ይጽፋል እንበል። በቅድሚያ የሚቀርብለት ገጽ የመንግሥት ተቋም ያዘጋጀው ላይሆን ይችላል። ገጹ አዋጁ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሻሩን የማይገልጽ ከሆነና ባለሙያው ከዚያ በኋላ የወጡትን ሕጎች ሳያጣራ የውሳኔ ሐሳብ ካቀረበ፣ ጉዳቱ የሚያርፈው በባለጉዳዩ ላይ ነው።

ቁጥር ስፍር የሌላቸው ገጾች በሚገኙበት የመረጃ መረብ አንድ ድረ ገጽ በአንድ ውስን ርዕሰ ጉዳይ የፊተኛውን ሥፍራ ይዞ ለዓመታት ሊቆይ የሚችለው እንዴት ነው? ምላሹ የፍለጋ ሞተሮች ከሚሠሩበት ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው።

የፍለጋ ሞተር ጥያቄ በቀረበለት ቁጥር መላውን ኢንተርኔት አያስስም። ራሳቸውን ችለው በሚሠሩ ፕሮግራሞች አማካይነት ገጾችን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ እያንዳንዱ ቃል በየትኞቹ ገጾች እንደሚገኝ የሚያሳይ ማውጫም ያዘጋጃል። ማውጫው በመጻሕፍት መጨረሻ ላይ ከሚገኘው የቃላት መጠቆሚያ ጋር ይመሳሰላል። ጥያቄ ሲቀርብ የሚታየው ይኸው ማውጫ በመሆኑ፣ በውስጡ ያልገባ ሰነድ ለፈላጊው እንደሌለ ይቆጠራል።

ቃላት በዚህ ሥርዓት እኩል ክብደት የላቸውም። እንግሊዛዊቷ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁር ካረን ስፓርክ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ በብዙ ሰነዶች ውስጥ የሚገኝ ቃል ሰነዶችን የመለየት አቅሙ አነስተኛ እንደሆነ፣ በጥቂቶች ብቻ የሚገኝ ቃል ግን ከፍተኛ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ አመልክተዋል። «ሕግ» የሚለው ቃል እጅግ በርካታ ገጾችን ያወዳድራል። የአንድ አዋጅ ቁጥር፣ የአንድ የሰብል በሽታ ስም ወይም የአንድ ቅጽ መጠሪያ ግን የሚያወዳድረው ጥቂት ገጾችን ነው። በመሆኑም ያንን ስም በርዕሱና በጽሑፉ ውስጥ በትክክል ያሰፈረ ገጽ ብዙ ተፎካካሪ ሳይገጥመው ወደ ፊት ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሌሎች ገጾች የሚገኘው ጥቆማ ነው። የጎግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚያመራ ሊንክ እንደ ምስክርነት የሚቆጠርበትን ስሌት አስተዋውቀዋል። ብዙ ጥቆማ ያለው ገጽ የሚሰጠው ምስክርነትም የበለጠ ይመዝናል። ዛሬ የፍለጋ ሞተሮች ሌሎች በርካታ መለኪያዎችን ቢጠቀሙም ይህ መሠረታዊ ሐሳብ አልቀረም። አሠራሩ ከመርካቶ ልማድ ጋር ይቀራረባል። በገበያው የማይዘወተር የመኪና መለዋወጫ የሚፈልግ ሰው የጠየቃቸው ነጋዴዎች ሁሉ ወደ አንድ ሱቅ ካመለከቱት፣ ሱቁ ማስታወቂያ ባያስነግርም ገበያው የእሱ ይሆናል።

ቀዳሚነቱ አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ራሱን በራሱ ያጠናክራል። ስለ ጉዳዩ የሚጽፍ ሰው በቅድሚያ ያገኘውን ገጽ ይጠቅሳል፤ የተጠቀሰው ገጽ ደግሞ ይበልጥ ወደ ፊት ይመጣል። የሥነ ኅብረተሰብ ምሁሩ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1968 ዝና ላለው ተጨማሪ ዝና የሚሰጥበትን ተመሳሳይ ክስተት ከወንጌሉ በመነሣት «የማቴዎስ ውጤት» ብለውታል። አልበርት ላስሎ ባራባሲና ሬካ አልበርትም እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ አዳዲስ ግንኙነቶች ቀድሞውኑ ብዙ ግንኙነት ወዳላቸው ገጾች ማድላታቸው በመረጃ መረቡ ጥቂቶች ጎልተው የሚወጡበትን ሁኔታ እንደሚያስረዳ አሳይተዋል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ቀዳሚ መሆን ትክክለኛ ለመሆን ማረጋገጫ አይደለም። የማይክሮሶፍት ባልደረባ የነበሩት ማይክል ጎለቢየቭስኪና ተመራማሪዋ ዳና ቦይድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሪፖርት፣ ፈላጊ እያለ በቂ ጽሑፍ የሌለባቸውን የፍለጋ ቃላት «የመረጃ ክፍተት» ሲሉ ሰይመዋቸዋል። በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የምትገኘውን ሰዘርላንድ ስፕሪንግስ የተባለች አነስተኛ ከተማ በምሳሌነት አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተኩስ ጥቃት እስከተፈጸመበት ዕለት ድረስ ስሟን የሚፈልግ እምብዛም አልነበረም። ከጥቃቱ በኋላ ፈላጊው በድንገት ሲበዛ አሳሳች መልእክት ማሰራጨት የፈለጉ ወገኖች ክፍተቱን ለመጠቀም ተረባርበዋል።

በአማርኛ የሚገኘው ጽሑፍ ከዓለም አቀፍ ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑ ይህን መሰሉ ክፍተት ሰፊ ነው። ክፍተቱን ከሚያሰፉት ምክንያቶች አንዱ ሰነዶች የሚቀርቡበት መንገድ ነው። ማኅተምና ፊርማ ያለበት መመሪያ ስካን ተደርጎ በምስል መልክ ብቻ ሲጫን ለሰው ዓይን ይነበባል፤ ለማውጫው ግን ቃላቱ በቀላሉ አይገኙም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነው የዩኒኮድ ሥሪት 3.0 ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ አግኝቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉና ያልተቀየሩ ሰነዶች ግን ለፍለጋ ሞተር ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ።

የአጻጻፍ ልዩነትም የራሱ ድርሻ አለው። «ሕገ መንግሥት» እና «ህገ መንግስት» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ በኮምፒዩተር ግን ሕ እና ህ፣ ሥ እና ስ የየራሳቸው ኮድ ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ዘመናዊ የፍለጋ ሞተሮች ልዩነቱን ለማጥበብ ቢሞክሩም ውጤቱ ሊለያይ ይችላል። ከዚህም በላይ ተቋማት ሲዋሐዱ ወይም ስማቸው ሲለወጥ የቀድሞው አድራሻ ከተዘጋ፣ ገጹ ለዓመታት ያከማቸው ጥቆማ አብሮ ይጠፋል። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 እንደተደረገው ያለ የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ለውጥ ሲኖር ይህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል።

ቀዳሚነትን በአቋራጭ ለማግኘት መሞከር አያዋጣም። ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ጄ. ሲ. ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ድርጅት በተገዙ ሊንኮች አማካይነት በበርካታ ቃላት ቀዳሚ መሆኑን ካጋለጠ በኋላ፣ ጎግል ድርጅቱን ከፊተኛው ሥፍራ ወደ ኋላ መልሶታል። ድርጅቱ በበኩሉ ስለ ሊንኮቹ እንደማያውቅ ገልጿል።

ዘላቂው መንገድ ቀላልና ወጪውም አነስተኛ ነው። ሰነዱን ከስካን ቅጂው ጎን ለጎን በሚነበብ ጽሑፍ ማቅረብ፣ ሙሉ ስሙንና ቁጥሩን በርዕሱ ላይ ማስፈር፣ የተለመዱትን የአጻጻፍ ዓይነቶች በጽሑፉ ውስጥ ማካተት፣ አድራሻው ሲለወጥ አሮጌው ወደ አዲሱ እንዲያመራ ማድረግ፣ የተሻረውን ሰነድ ሳያጠፉ «ተሽሯል» ብሎ ተኪውን መጠቆም ያስፈልጋል። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የክልል ቢሮዎችና ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሌላውን ሰነድ በሊንክ ሲጠቅሱ ደግሞ ለትክክለኛው ምንጭ ምስክርነት ይሰጣሉ።

የመንግሥት አካላት መረጃን ጠያቂ ሳይጠብቁ የማሳተም ኃላፊነት እንዳለባቸው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይደነግጋል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መልስ ሰጪ ፕሮግራሞችም በመረጃ መረቡ ላይ ካለው ጽሑፍ ስለሚቀዱ፣ በፍለጋ ቀዳሚ የሆነው ገጽ ስሕተት በነሱም በኩል ሊደገም ይችላል። በመሆኑም የሰነዱ ባለቤት የሆነው ተቋም ሥፍራውን ሳይዝ ከቀረ፣ ቀድሞ የጻፈው ወገን በእርሱ ፈንታ ለዜጋው ምላሽ መስጠቱን ይቀጥላል።