ቆጠራው «ቁም» ሲል ልብ «ሳብ» ይላል!

«እከሌ ካርታ ቆጥሮ ካዚኖውን አራቆተ» የሚል ወሬ ያልሰማ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ፊልሙም ያወራዋል፣ አሜሪካ ያለው ዘመድም ያወራዋል። «እውነት ነው ወይስ ተረት?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ እውነት ነው፣ ግን ወሬው እንደሚለው አይደለም። ቆጠራ ማለት የሚመጣውን ካርታ መጠንቆል ሳይሆን፣ ቁጥሩ ሲለወጥ ውሳኔን መለወጥ ነው። ጉዱ ያለውም እዚያ ላይ ነው!

ብላክጃክን ለማታውቁት፦ ከ21 ሳታልፉ ከአዳዩ መብለጥ አለባችሁ። ጄ፣ ኪው እና ኬ እንደ 10 ይቆጠራሉ፤ ኤስ 1 ወይም 11 ይሆናል። ከ21 ያለፈ ተቃጠለ! አዳዩ ምርጫ የለውም፤ 16 ወይም ከዚያ በታች ከያዘ መሳብ ግዴታው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለ የሒሳብ ሊቅ «ቢት ዘ ዲለር» በሚለው መጽሐፉ የዚህን ጨዋታ ገመና አወጣው። አንዴ የወጣ ካርታ እንደገና እስኪበወዝ አይመለስም። ትንንሾቹ ቶሎ ካለቁ የሚቀሩት ትልልቆቹ ናቸው፤ ያ ደግሞ ለተጫዋቹ ይበጀዋል።

ታዲያ እንዴት ይቆጠራል? «ሃይ-ሎ» በሚባለው ዘዴ ከ2 እስከ 6 ያለው ካርታ ሲወጣ 1 ትደምራላችሁ፤ 7፣ 8 እና 9 ሲወጡ ዝም ነው፤ 10 ቤቶቹና ኤስ ሲወጡ 1 ትቀንሳላችሁ። ድምሩን ደግሞ ገና ላልወጣው ካርታ ታካፍላላችሁ። ድምሩ 9 ሆኖ 3 ፓኮ ከቀረ፣ ትክክለኛው ቁጥር 3 ነው። 9 ደረሰ ብሎ የሚፈነጥዝ ሰው ገና አልገባውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው እንምጣ። እናንተ 12 ይዛችኋል፣ አዳዩ 3 አሳይቷል እንበል። መደበኛው ሕግ «ሳብ» ነው። ቁጥሩ 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ትቆማላችሁ፤ ምክንያቱም የሚመጣው 10 እናንተን ያቃጥላል፣ አዳዩንም ለመቃጠል ያቀርበዋል። አዳዩ 4 ካሳየ ደግሞ ሕጉ «ቁም» ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወረደ ግን ትስባላችሁ።

16 ይዛችሁ አዳዩ 10 ካሳየስ? ይሄ የሁሉም ራስ ምታት ነው! ሕጉ «ሳብ» ይላል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ ግን ቁሙ። ሁለቱም መንገድ አክሳሪ ነው፤ ቁጥሩ የሚነግራችሁ የትኛው እንደሚሻል ብቻ ነው።

አዳዩ ኤስ ሲያሳይ የሚቀርበውን «ኢንሹራንስ» ስሙ አያታልላችሁ። የሚከፍለው አንድ ለሁለት ስለሆነ፣ ከቀሩት ካርታዎች ከሲሶ በላይ 10 ካልሆኑ አያዋጣም። በ6 ፓኮ ውስጥ ከ312 ካርታ 10 የሚሆኑት 96 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ 3 ሳይደርስ ኢንሹራንስ አትንኩ።

ላስ ቬጋስ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ታክሲ የሚነዱ አሉ፣ ካዚኖ ውስጥ የሚሠሩም አሉ። እዚያ ያለ አንድ የማውቀው ልጅ ይህን ሁሉ እንደ ውሃ ጠጥቶታል። አንድ ሌሊት ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2 ነበር፤ መደብ የሚቀነስበት፣ ካልሆነም የሚነሳበት ሰዓት። እሱ ግን እጥፍ መደበ። «ቁጥሩ ጠፍቶህ ነው?» ስለው፣ «አልጠፋኝም፣ ለእናቴ የምልከውን በልተውት ነበርና ሳላስመልስ አልነሳም አልኩ» አለኝ። የቤት ኪራዩም ተከተለ።

የዚህ ልጅ ችግር ሒሳብ አይደለም። ቆጠራው የሚሰጠው ብልጫ እጅግ ቀጭን መሆኑን ረስቶ ነው። ሕጉን አጥርቶ የሚጫወት ሰው እንኳ ያለ ቆጠራ ከ100 ዶላር ወደ 50 ሳንቲም ለካዚኖው ይገብራል። ቁጥሩ በ1 ሲጨምር ያንኑ ያህል ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥሩ 2 ሲሆን የእናንተ ብልጫ በ100 ዶላር 50 ሳንቲም ገደማ ነው! በትክክል ቆጥሮ ወራት ሙሉ መክሰርም አለ።

ካዚኖውም አልተኛም። ብላክጃክ ሲመጣ ለ100 ዶላር 150 ይከፈል የነበረውን በብዙ ጠረጴዛ 120 አድርጎታል። በኔቫዳ በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል ባይሆንም፣ የነቃበት ካዚኖ ቆጣሪውን ማስወጣት ይችላል። በመሣሪያ መቁጠር ግን ከ1985 ጀምሮ ወንጀል ነው።

ምክሬ? ለማወቅ ያህል ቤታችሁ በአንድ ፓኮ ሞክሩት። 52ቱ ሲያልቁ ቁጥሩ ዜሮ ካልመጣ ተሳስታችኋል። ጓደኛ እየቀለደባችሁ፣ ሬዲዮ እየጮኸ ድገሙት። እሱን ብታልፉም አንድ ፈተና ይቀራል፤ ያኛው በሒሳብ አይታለፍም። የቤት ኪራይ ይዞ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ካርታ ሳይሆን ኪሱን ነው የሚቆጥረው።