«መላጫ»፣ «መፋቂያ»፣ «መሸልቀቂያ»፦ ስለ አንዳንድ የማጀት መሣሪያዎች ስያሜ

የነጭ ሽንኩርትን፣ የድንችንና የሌሎችን አትክልቶች ልጣጭ የሚያነሡ ልዩ ልዩ የማጀት መሣሪያዎች ዛሬ በየገበያው ይገኛሉ። በአሠራራቸው የተለያዩ ቢሆኑም በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ «መላጫ» በሚል አንድ ስም ይጠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስም የትኛውን መሣሪያ በትክክል እንደሚገልጽና የትኛውን እንደማይገልጽ መርምሮ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች የሚበጅ አመዳደብ ማቅረብ ነው። ለማስረጃነት የመረጥነው የቦንጋንና የከፋ ዞንን የማጀት ሥራ ነው። በዚያ አካባቢ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ኮረሪማና ቡና ጎን ለጎን ስለሚበቅሉ፣ በአማርኛ በተለያዩ ግሦች የምንጠራቸው ተግባራት በአንድ ግቢ ውስጥ ሊታዩ ይችላሉ።

1. የስሙ አመጣጥ

«መላጫ» ከሁለት ግሦች የሚወጣ ስም ነው። አንደኛው «ላጠ» ሲሆን ከግዕዙ «ለሐጸ» ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙም ልጣጭን ወይም ቅርፊትን አነሣ ማለት ነው። ሁለተኛው «ላጨ» ሲሆን ከግዕዙ «ላጸየ» ጋር ይዛመዳል፤ ትርጉሙም ጠጉርን በስለት አስወገደ ማለት ነው። ከእነዚህ ግሦች የመሣሪያ ስም ሲመሠረት የ«ላጠ» «ጠ»፣ «ቆረጠ» «መቁረጫ» እንደሚል ሁሉ፣ ወደ «ጨ» ይለወጣል። «ላጨ» ግን፣ «ፈጨ» «መፍጫ» እንደሚል፣ «ጨ»ን እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ በሥር የተለያዩት ሁለት ግሦች በመሣሪያ ስም ላይ አንድ ይሆናሉ፤ የድንቹም የጢሙም መሣሪያ «መላጫ» ይባላል። ቋንቋው ስለቱን «ምላጭ» ብሎ በመለየት ችግሩን በከፊል ብቻ አቃልሎታል።

ሌሎቹም ግሦች ቢሆኑ ከተመሳሳይ ችግር ነጻ አይደሉም። «መፋቂያ» ብቻውን ሲነገር በመጀመሪያ የሚታሰበው የጥርስ መፋቂያው እንጨት ነው። «መፈልፈያ» ሲባልም አንዱ የበቆሎውን፣ ሌላው የጫጩቱን ያስባል። በከፋ ደግሞ የእሸት ቡና መፈልፈያው ቀድሞ ይታወሳል። እንግዲህ ለቦንጋ አንባቢ የሚቀርብ የዕቃ ዝርዝር የነጭ ሽንኩርቱን መሣሪያ ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ «መፈልፈያ» ቢለው፣ አንባቢው በመዳፍ የሚያዘውን ዕቃ ሳይሆን የቡናውን መኪና ሊረዳ ይችላል።

2. የተግባሩ ልዩነት

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዞኑ እንሰት ከዋነኞቹ የምግብ ተክሎች አንዱ ነው። እንሰት አይላጥም፤ ይፋቃል። ሴቶች የግንዱን ሽፋኖች እየገነጠሉ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ያጋድማሉ፤ ከዚያም በፍልጥ ቀርከሃ ወይም በሌላ መፋቂያ እየጫኑ ይስባሉ። ሥጋው ለቆጮ ተፍቆ ሲወርድ ቃጫው ይቀራል። ጎደሬ ግን ተቀቅሎ ይላጣል። ኮረሪማ ቅርፊቱ ተሰብሮ ፍሬው ይፈለፈላል። የተዘፈዘፈ ባቄላ በጣቶች ሲታሽ ገለፈቱ ይሸለቀቃል። እሸት ቡና ይፈለፈላል፤ ጀንፈሉ ደግሞ ይቀሸራል።

ከዚህ እንደምንረዳው አማርኛ ለእነዚህ ተግባራት የግሥ ድህነት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ተርጓሚው የባዕዱን ቋንቋ አንድ ግሥ በአንድ የአማርኛ ግሥ ብቻ ለመተካት ሲሞክር ነው።

3. መሣሪያዎቹ በአሠራራቸው

በገበያ ያሉትን መሣሪያዎች በአሠራራቸው በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን። የመጀመሪያው ስንጥቅ ባለው ስለት ልጣጩን በስሱ እየቆረጠ የሚያነሣው ነው፤ ይህ በእርግጥ ይልጣል። ሁለተኛው በትልልቅ ወጥ ቤቶች የሚገኘው ሻካራ ግድግዳ ያለው ተሽከርካሪ በርሜል ነው። ድንቹ በውስጡ እየተንከባለለ ከሻካራው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ልጣጩ ተከርክሞ ይወርዳል፤ ይህ ይፍቃል እንጂ አይልጥም። ሦስተኛው የነጭ ሽንኩርቱ የጎማ ቱቦ ነው። ፍልቃቂዎቹ በቱቦው ውስጥ ገብተው በመዳፍ ተጭነው ሲንከባለሉ ደረቁ ገለፈት ተሰንጥቆ ይለያል። በዚህ አሠራር ስለት የለም፤ ሥጋውም አይቆረጥም። ይህ ባቄላን በጣት ከማሸት ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ ትክክለኛው ግሥ «ሸለቀቀ» ነው። «መሸልቀቂያ» የሚለው ስም በሌላ የታወቀ ዕቃ ያልተያዘ መሆኑም ለስያሜነት ይበልጥ ያመቸዋል።

4. የቀረቡ ፍቺዎች

መላጫ፦ (ከ«ላጠ») ልጣጭን በስለት በስሱ እየቆረጠ የሚያነሣ መሣሪያ። ዘወትር ከሚላጠው ነገር ስም ጋር ይጻፋል፤ የድንች መላጫ።

መላጫ፦ (ከ«ላጨ») ጠጉርን ከሥሩ የሚያስወግድ መሣሪያ፤ የጢም መላጫ። ራሱን የቻለ ዋና ቃል ሆኖ ይመዘገባል።

መፋቂያ፦ በጠርዝ ወይም በሻካራ ገጽ እየፋቀ ሽፋንን ወይም ሥጋን የሚያወርድ መሣሪያ፤ የእንሰት መፋቂያ።

መሸልቀቂያ፦ በመጫንና በማሸት ገለፈትን ከፍሬ የሚለይ መሣሪያ፤ የነጭ ሽንኩርት መሸልቀቂያ።

መፈልፈያ፦ ፍሬን ከቆረቆንዳ ወይም ከቅርፊት የሚያላቅቅ መሣሪያ፤ የበቆሎ መፈልፈያ፣ የእሸት ቡና መፈልፈያ።

«የነጭ ሽንኩርት መላጫ» የሚለው አነጋገር በሕዝብ ዘንድ እንደሚሠራበት አንዘነጋም። መዝገበ ቃላት የሚነገረውን መመዝገብ ግዴታው ስለ ሆነ፣ ይህን አነጋገር ከነአመልካቹ ወደ «መሸልቀቂያ» ይመራዋል እንጂ አይሰርዘውም። በአሠራር መመሪያ፣ በጨረታ ሰነድና በመማሪያ መጽሐፍ ግን የዕቃው ማንነት ከስሙ መታወቅ አለበት። እዚያ ላይ ተርጓሚው «ይህ ዕቃ በባዕድ ቋንቋ ምን ይባላል?» ከማለቱ በፊት «ይህ ዕቃ ይልጣልን፣ ይፍቃልን፣ ወይስ ይሸለቅቃል?» ብሎ እንዲጠይቅ እናሳስባለን።