የመኪና ጎሚኒ ሲለወጥ፦ ጠንካራው ሁሉ የተሻለ ነውን?

ለፍጥነትና ለቅልጥፍና ተብለው የተሠሩ መኪናዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ባለቤቶቻቸው ተመሳሳይ ቅሬታ ያሰማሉ። መሪው እንደ ቀድሞው አይታዘዝም፤ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሳባል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ከሥር የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ጎማውም ሆነ ሾክ አብዞርበሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ይህ ከደረሰ፣ ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው መካኒኮች «ጎሚኒ» በሚሉት ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። ያረጀውን ጎሚኒ በምን እንተካው? ብዙዎች «መኪናው ፈጣን ስለሆነ ከሁሉ የጠነከረው ይግባለት» ይላሉ። ይህ መልስ ለእሽቅድምድም ሜዳ ሊሠራ ይችላል። በየቀኑ ሥራ ለሚያመላልስ መኪና ግን ትክክል የማይሆንበትን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ጎሚኒ ምን ይሠራል?

የተለመደው ጎሚኒ በሁለት የብረት ቱቦዎች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ ነው። የውስጠኛው ቱቦ በቡሎን ከመኪናው አካል ጋር ይታሰራል፤ የውጭኛው ደግሞ ጎማውን በሚይዘው ክንድ፣ ማለትም በብራቾው ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል በጎሚኒው ውስጥ የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ላስቲኩ ራሱ ይጠመዘዛል፣ ተመልሶም ይፈታል። ስለዚህም ግራሶ አይፈልግም፤ አቧራም አይጎዳውም። በተጨማሪም ላስቲክ ሲለጠጥ የተቀበለውን ጉልበት በሙሉ አይመልስም፤ ከፊሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። የመንገዱ ንዝረት ወደ መቀመጫችን ሳይደርስ የሚበርደው በከፊል በዚህ ባሕርይ ነው።

ላስቲኩ ሲያረጅ ምን እንደሚከተል በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በኃይል ፍሬን ሲይዝ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ 4,000 ኒውተን ያህል ኃይል ሊያርፍ ይችላል፤ ይህም የ400 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ነው። ለቀላልነት ኃይሉ በሙሉ በአንድ ጎሚኒ ላይ እንዳረፈና አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 1,000 ኒውተን እንደሚጠይቅ ብናስብ፣ ክንዱ 4 ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ጥንካሬው በግማሽ ቢቀንስ ሽሽቱ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የግራውና የቀኙ እኩል ካላረጁ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች ፍሬን ሲያዝ የተለያየ አቅጣጫ ይይዛሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

አማራጮቹ

የመጀመሪያው አማራጭ ፋብሪካው የገጠመው ዓይነት አዲስ ላስቲክ ነው። ባለቤቱ «መኪናዬ ደከመ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ ላስቲክ ጋር እያነጻጸረ በመሆኑ፣ አዲሱ ብቻውን የቀድሞውን ቅልጥፍና ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛው ጠንከር ያለ ላስቲክ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አራተኛው ትውልድ ቮልስዋገን ጎልፍ ነው። በፊት ብራቾው የኋለኛ ጫፍ ያለው ጎሚኒ በውስጡ ክፍት ቦታዎች አሉት። በእነርሱ አቅጣጫ ላስቲኩ ይለሰልሳል፤ በሌላው አቅጣጫ ግን ይጠነክራል። ለኦዲ ቲቲና ለጎልፍ አር 32 የተሠራው ግን ክፍተት የሌለው ጥቅጥቅ ላስቲክ ነው። የጎልፍ ጂቲአይ ባለቤቶች ይህንኑ ሲያስገጥሙ መሪው ፈጥኖ ይመልሳል፤ ምቾቱም እምብዛም አይጓደልም።

ሦስተኛው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን የፈለሰፉት ፖሊዩሬቴን ነው። በሾር ኤ መለኪያ የተለመደው የጎሚኒ ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 70 ሲሆን ፖሊዩሬቴኑ ከ70 እስከ 95 ይደርሳል። ዘይት እምብዛም አይጎዳውም። ነገር ግን አብዛኛው ከብረቱ ጋር ያልተጣበቀ በመሆኑ ክንዱ ሲንቀሳቀስ በቱቦው ላይ ይንሸራተታል፤ ግራሶው ሲደርቅም ይጮኻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ መዞር እንጂ ወደ ጎን መጣመም አይመቸውም።

አራተኛው በብረት ጎድጓዳ ውስጥ የሚዞር የብረት ኳስ ነው። ወደየትኛውም አቅጣጫ ይዞራል፤ ከቦታው ግን አይሸሽም። ንዝረትን ሁሉ ወደ መኪናው አካል ያሳልፋል፤ አቧራና ጭቃ ሲገባበትም ቶሎ ይበላል።

እንደ ቦታው መምረጥ

እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው በመኪናው ስም ሳይሆን ጎሚኒው በተቀመጠበት ቦታ ነው። ስታቢላይዘሩን የሚይዙት ጎሚኒዎች በአንድ ዘንግ ዙሪያ ብቻ ስለሚሠሩ ፖሊዩሬቴን ይስማማቸዋል፤ ዋጋቸውም ዝቅተኛ ነው። የብራቾው የፊት ጎሚኒም ክንዱ በዚያው ዘንግ ዙሪያ ብቻ የሚዞር ከሆነ ሊቀበለው ይችላል። በአንጻሩ የቢኤምደብሊው ኢ46 የኋላ ተጎታች ክንድ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ሌሎቹ ክንዶች ወደ ጎን ስለሚጎትቱት ጎሚኒው በብዙ አቅጣጫ መጣመም አለበት። እዚያ ጠንካራ ፖሊዩሬቴን ቢገባ ክንዱ ይታነቃል፤ ሸክሙም ወደ ማሰሪያው ብረት ይዛወራል። በዚህ ቦታ አዲስ ላስቲክ ይሻላል።

ገጠማው

የተመረጠው ዕቃ መልካም ቢሆንም ገጠማው ሊያበላሸው ይችላል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ ላስቲኩ የዕረፍት ቦታው አድርጎ የሚይዘው ያንን ዝቅ ያለ ሁኔታ ነው። መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኑ በመጨረሻ የሚጠብቀው የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ፣ አምራቹ በወሰነው ልክ ነው። ሞላው በአጭር የተተካለት መኪናም ይህን ሥራ በአዲሱ ቁመቱ እንደገና ይፈልጋል። ክፍተት ያላቸው ጎሚኒዎች በምልክታቸው መሠረት ካልገቡ ለስላሳው አቅጣጫ ጠንካራው ይሆናል። ግራና ቀኙ ምንጊዜም አብረው መለወጥ፣ ከዚያም አላይመንት መሠራት ይኖርበታል።

በጥቅሉ ላስቲኩ የመኪናው ድክመት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሰላ ክፍሉ ነው። የዕለት ተዕለት መኪና ያለው አንባቢ ወደ ጋራዥ ሲሄድ «የትኛው ነው ጠንካራው?» ከማለቱ በፊት «ይህ ጎሚኒ በየትኛው አቅጣጫ እንዲለሰልስ፣ በየትኛውስ እንዲጠነክር ተፈለገ?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡንም ወገቡንም ከጉዳት ያድናል።