ኳስ አሿሪ እንዴት ይሠራል?

ሼን ዋርን በጃንዋሪ 1992 ሲድኒ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአውስትራሊያ ሲሰለፍ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ህንዶች አልማሩትም። 150 ነጥብ አስቆጠሩበት፤ እሱ ከሜዳ ማስወጣት የቻለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ራቪ ሻስትሪ ሲሆን፣ የወጣው 206 ነጥብ ለራሱ ካስቆጠረ በኋላ ነበር። የዚያን ዕለት ውሳኔው የእኔ ቢሆን ኖሮ ወጣቱን አመስግኜ ወደ ቤቱ እሸኘው ነበር። ዋርን ግን ጫማውን ሲሰቅል በረጅሙ የክሪኬት ዓይነት፣ በቴስት፣ 708 ተጫዋቾችን አስወጥቶ ነበር፤ በቴስት ታሪክ ከእሱ የሚበልጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ክሪኬትን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው፣ የፓኪስታንና የህንድ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው አሸዋ ላይ ሲጫወቱት ሳያይ አልቀረም። ወርዋሪው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ከ20 ሜትር ገደማ ርቀት ኳስ ይለቃል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በሰፊ ዱላ ይጠብቃል። ኳሷን አርቆ ከመታት ነጥብ ያገኛል። እንጨቶቹ ከተመቱ፣ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ይወጣል፤ ይህ ለወርዋሪው አንድ ዊኬት ተብሎ ይመዘገባል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። ቴስት የሚባለው የጨዋታው ትልቁ ፈተና እስከ አምስት ቀን ድረስ ይወስዳል።

ወርዋሪዎች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። ፈጣኖቹ ሮጠው መጥተው በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ ይለቃሉ። ስፒነሩ ግን ጥቂት ብቻ ተራምዶ፣ በሰዓት 80 ወይም 90 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት የምትሾር ኳስ ይለቃል። ለማያውቀው ሰው ስጦታ ትመስላለች። ዳሩ ግን በኃይል የምትሾር ኳስ አየር ላይ መንገዷን ትለውጣለች፤ ወደ ጎን ትሳባለች፣ መቺው ከጠበቀው ቀድማም ትወርዳለች። መሬት ስትነካ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ትታጠፋለች። በጁን 1993 ማንቸስተር ላይ ዋርን ለእንግሊዛዊው መቺ ለማይክ ጋቲንግ የወረወራት ኳስ ከመቺው እግር ውጪ አርፋ፣ በፊቱ ተሻግራ፣ በሌላኛው ጫፍ ያለውን እንጨት መታች። ጋቲንግ የሆነውን ማመን አቅቶት ለአፍታ ቆሞ ቀረ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጣት ነው። ኳሷ ከ156 እስከ 163 ግራም የምትመዝን፣ ወገቧ ላይ ወፍራም ስፌት ያላት የቆዳ ኳስ ናት። እንደ ዋርን ያለው የእጅ አንጓ ስፒነር ሁለቱን የፊት ጣቶች በስፌቱ ላይ ያሳርፍና የቀለበት ጣቱን አጥፎ ከጎን ያስደግፋታል። ሊለቃት ሲል አንጓው ወደ ውስጥ እንደታጠፈ ይመጣና በድንገት ይፈታል፤ የቀለበት ጣቱ ስፌቱን ገፍቶ፣ እንዝርት እንደምታሾር ሴት ጣት፣ በቅጽበት ይስፈነጠራል። ስፒን የሚማር ልጅ ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋግመው የጣቱ ቆዳ ይላጣል፣ ይደማል፣ ኋላም ይጠነክራል። ሌላው ዓይነት፣ የጣት ስፒነሩ፣ በአመልካች ጣቱ ይሠራል። የእሱ ኳስ ለመቆጣጠር ይቀላል፤ መታጠፏ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው።

ሥልጠናው ከውጪ ለሚያየው አሰልቺ ነው። መቺ የለም፤ አንድ እንጨት ተተክሎ፣ ኳሷ የምታርፍበት ቦታ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ልጁ ይወረውራል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ይወረውራል። አንዳንድ አሰልጣኝ በመወርወሪያው መንገድ ላይ ከመቺው ዓይን ከፍታ በላይ ገመድ ይወጥርና ኳሷ ከገመዱ በላይ አልፋ እንድትወርድ ያስገድዳል። ሲያዩት የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። ኳስን ከመቺው ዓይን በላይ ልኮ ማውረድ ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ልክ ካልሆነች ከሜዳው ውጪ ትሄዳለች።

መጀመሪያ ምን ይማር የሚለው የቆየ ክርክር ነው። አንዱ ወገን ኳሷን በተፈለገው ቦታ ማሳረፍ ይቅደም ይላል። ሌላው፣ ልጁ ባለ በሌለ ኃይሉ ያሹራት፣ ቦታው ኋላ ይመጣል ባይ ነው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ፤ በ13 ዓመቱ ኳስን በጥንቃቄ ማስቀመጥ የለመደ ልጅ በ20 ዓመቱ በኃይል ማሾር ሲጀምር ያየ ሰው እምብዛም ነው። ችግሩ ግን የሚያሾረው ልጅ ቦታ ይስታል፣ ቦታ የሳተ ደግሞ ይደበደባል። የትምህርት ቤት አሰልጣኝ ዋንጫ ስለሚፈልግ ከሁለት ኦቨር በኋላ ኳሷን ይቀማዋል። ጎበዝ ስፒነሮች ብዙ ጊዜ የሚጠፉት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከችሎታ ማነስ ሳይሆን ከኦቨር ማነስ።

ዋርንን ያተረፉት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አዴሌድ ላይ ያሰለጠነው ቴሪ ጄነር ነው። ጄነር ራሱ ለአውስትራሊያ የተጫወተ ስፒነር ሲሆን፣ በቁማር ዕዳ ተይዞ የቀጣሪውን ገንዘብ በማጉደሉ ታስሮ የወጣ ሰው ነበር። ሁለተኛው አምበሉ አለን ቦርደር ነው። በኦገስት 1992 ኮሎምቦ ላይ ስሪ ላንካ ለማሸነፍ 181 ነጥብ ያስፈልጋት ነበር፤ ሁለት ሰው ብቻ ወጥቶባት 127 ደርሳለች። ዋርን በመጀመሪያው ዙር 107 ነጥብ ተቆጥሮበት አንድም ሰው አላስወጣም። ሌላ አምበል ቢሆን ይደብቀው ነበር። ቦርደር ግን ጨዋታው ጫፍ ላይ ደርሶ ሳለ ኳሷን ሰጠው፤ ዋርን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች አንድም ነጥብ ሳያስቆጥሩበት አስወጣና አውስትራሊያ በ16 ነጥብ አሸነፈች።

ከዋርን የሚበልጠው አንድ ሰው ስሪ ላንካዊው ሙቲያ ሙራሊታራን ነው፤ 800 ዊኬት። ካንዲ ውስጥ በትምህርት ቤት ሳለ ፈጣን ወርዋሪ ነበር፤ በ14 ዓመቱ ገደማ አሰልጣኙ ሱኒል ፈርናንዶ ወደ ስፒን አዞረው። ክንዱ ከተፈጥሮው ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ በዚህ የተነሳ በ1995 ሜልበርን ላይ ዳኛው ዳረል ሄር አወራወሩ ሕገወጥ ነው ብሎ ደጋግሞ አስቆመው። በ1999 አዴሌድ ላይ ያው ክስ ከሌላ ዳኛ ሲመጣ፣ አምበሉ አርጁና ራናቱንጋ ቡድኑን ይዞ እስከ ሜዳው ጠርዝ ሄደ። ብዙዎች አመጸኛ አሉት። በእኔ ዓይን የቦርደርን ሥራ ነው የሠራው፤ ኳሷ ከልጁ እጅ እንዳትወጣ ተከራከረ።

ዋርን በ2007 መጀመሪያ ሲሰናበት አውስትራሊያ ይህን ሁሉ የረሳች ይመስል ነበር። ጄሰን ክሬዣ በ2008 ናግፑር ላይ በመጀመሪያ ጨዋታው 12 ሰው አስወጣ፤ 358 ነጥብም ተቆጠረበት። ከዚያ በኋላ የተሰለፈው በአንድ ቴስት ብቻ ነው። ብራይስ ማክጌን በ2009 ኬፕታውን ላይ 149 ነጥብ ተቆጥሮበት ማንንም ሳያስወጣ ወጣ፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቴስት ያ ሆነ። በ2010 ስፒነር ተብሎ የተሰለፈው ስቲቭ ስሚዝ ደግሞ የዘመኑ ታላቅ መቺ ሆኖ አረፈው! መራጮቹ ሌላ ዋርን ይፈልጉ ነበር፤ ሌላ ዋርን ለመሥራት የሚጠይቀውን ትዕግሥት ግን አልፈለጉም። መፍትሔው የመጣው ከሣር አጫጆች መሃል ነው። ናታን ላየን የአዴሌድ ኦቫል ሜዳ ተንከባካቢ ነበር። በ2011 ጋል ላይ ተሰልፎ በመጀመሪያዋ ኳሱ የስሪ ላንካውን መቺ ኩማር ሳንጋካራን አስወጣ። በ2013 ቼናይ ላይ በአንድ ዙር 215 ነጥብ ተቆጠረበትና ከቡድኑ ወጣ፤ በዚያው ጉዞ ተመልሶ ዴልሂ ላይ በአንድ ዙር ሰባት ሰው አስወጣ። ይኸው ዊኬቶቹ ከ500 አልፈዋል።

ህንድ ውስጥ ነገሩ ይቀላል። ደረቁ መሬት ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ መሬት ኳስ ያሾራል፤ ስለዚህ ስፒነር በየክለቡ ብዙ ኦቨር ያገኛል። የእንግሊዝ ክለቦች ግን ጨዋታቸውን የሚጀምሩት በአፕሪል፣ በብርድና በእርጥብ ሣር ላይ ነው፤ መሬቱ ደርቆ ለስፒን በሚመችበት በኦገስት ደግሞ ሜዳው ለአጫጭር ውድድሮች ይለቀቃል። አጫጭር ጨዋታዎች፣ በተለይ ለእያንዳንዱ ወርዋሪ 24 ኳስ ብቻ የሚፈቅደው፣ ስፒነርን ያበለጽጉታል፤ ሰው ማታለልን ግን አያስተምሩትም። በ24 ኳስ ውስጥ መቺን አጥንቶ፣ አባብሎ፣ ወጥመድ ውስጥ ለማስገባት የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል?

ለዚህ ነው የወጣቱ እንግሊዛዊ ስፒነር የሾአይብ ባሺር ነገር የሚገርመው። የእንግሊዙ አምበል ቤን ስቶክስ ባሺር ለታዋቂው መቺ ለአላስቴር ኩክ ሲወረውር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አይቶ ወደደው። በፌብሩዋሪ 2024 ቪሻካፓትናም ላይ በ20 ዓመቱ ሲሰለፍ ልጁ እስከዚያ የተጫወታቸው የከፍተኛ ደረጃ ጨዋታዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። ክለቡ ሱመርሴት ሌላ የብሔራዊ ቡድን ስፒነር፣ ጃክ ሊችን ስለያዘ ለባሺር ቦታ አልነበረውም፤ ለዉስተርሻየር በውሰት ሰጠው። እዚያም በጁን 2024 መቺው ዳን ሎረንስ ሲደበድበው በአንድ ኦቨር 38 ነጥብ ተቆጠረበት። በቀጣዩ ወር ስቶክስ ኖቲንግሃም ላይ ኳሷን ያለማመንታት ሰጠው፤ ባሺር አምስት የዌስት ኢንዲስ ተጫዋቾችን በ41 ነጥብ አስወጣ። በ2025 ቴስት ላይ 50 ዊኬት የሞላ በዕድሜ ትንሹ እንግሊዛዊ ወርዋሪ ሆነ። በዚያው ዓመት የክለቦች ውድድር ሲጀመር ሱመርሴት አሁንም ቦታ አላገኘለትም፤ በዚህኛው ዙር የተዋሰው ግላሞርጋን ነው።