ዋናና ትርፍ

ለትንሽ ንግድ የሚያስፈልገው መነሻ ገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የእናቴን ጉሊት ስጠብቅ ግን ሒሳቡ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ይኸውም በ1,000 ብር የገዛነው ሽንኩርት 1,200 ብር ስለሚያወጣ፣ 200 ብር አተረፍን ብዬ ነበር። ዳሩ ግን የ80 ብሩን ዝናብ አበሰበሰው፤ የ150 ብሩ በዱቤ ሄደ፤ ጎረቤትን ዱቤ መከልከል ደግሞ ደንበኛን ማጣት ነው። ማታ ለተሸካሚው 60 ብር ተከፍሎ ሲቆጠር 910 ብር ብቻ ተገኘ። ዱቤው ቢሰበሰብ እንኳ ትርፉ 60 ብር ነው፤ እስኪሰበሰብ ግን የጎደለው ከዋናው ነው። እሑድ ደግሞ እቁብ አለ። እናቴ ሳትቆጣ አሮጌ ደብተሬን አስመጥታ የባለዕዳዎቹን ስም አስጻፈችኝ። እስከ እሑድ 120 ብር ገባ፤ የቀረውን 30 ብር እንድጠይቅ የተላክሁት እኔው ነበርሁ።